ጋልቢ፣ ደም ግፊትና «እሳት ላይ የሚቀረው» ስብ

ጥያቄው የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። «ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፣ ስኳሩም ጫፍ ላይ ደርሷል ተብሏል። ከአናንዴል የኮሪያ ሱቅ በቅመም የተዘፈዘፈ ጋልቢ፣ የኮሪያውን የጎድን ሥጋ፣ እየገዛ በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ ይጠብሳል። ‹ቅቤ የለው፣ ዘይት የለው፣ ስቡ እሳት ላይ ይቀራል፣ የሚዘፈዘፍበት ፒር የሚባለው ፍሬ ደግሞ ስብ ያሟሟል፤ ከእኛ ጥብስ ይሻላል› ይለኛል። እኔን የሚያስፈራኝ ስኳሩ ነው። ደም ማነስ ስላለብኝ ሐኪሜ ሥጋ ብዪ ብሎኛል፣ ስለዚህ አብሬው እበላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»

ከሁለታችሁም ዋናው ነገር አምልጧል። ደም ግፊት ላለበት ሰው የጋልቢ የመጀመሪያ ችግር ጨው ነው። ሁለተኛው ስቡ ነው። ስኳሩ ሦስተኛ ነው፣ እሱም ቢሆን ከሥጋው ይልቅ አጠገቡ ከሚቀርበው ሩዝ የሚመጣው ይበልጣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚለው ነገር ለባለቤትዎ መቆም አለበት። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ፤ ሰው ምክንያቱን ካላወቀ ለሁለት ሳምንት ታግሦ ወደነበረበት ይመለሳል።

ጋልቢ በኮሪያኛ ጎድን ማለት ነው። ብዙ ዓይነት አለው። የከብቱ ሶጋልቢ፣ የአሳማው ድዌጂ ጋልቢ ይባላል። ሁለቱም በአንድ ፍሪጅ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ቡናማ መዘፍዘፊያ ተነክረው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ አሳማ የማይበላ ሰው ማሸጊያውን ሳያነብ አይግዛ። መዘፍዘፊያው ውስጥ የሩዝ ወይን የሚገባበትም ጊዜ ብዙ ነው። በሃይማኖት ምክንያት አልኮል የማይነካ ሰው ይህንንም ይጠይቅ።

ባለቤትዎ የሚገዙት ምናልባት ኤልኤ ጋልቢ የሚባለው ነው። ስሙ ሎስ አንጀለስ ከሰፈሩ ኮሪያውያን ጋር እንደተያያዘ በሰፊው ይነገራል። በጥንቱ አቆራረጥ አንድ አጥንት ብቻውን ይያዝና ሥጋው እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገለጠ በቢላ ይዘረጋል። ኤልኤ ጋልቢ ግን አጥንቱን አቋርጦ በመጋዝ ይቆረጣል። ስሱ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፣ ቅመሙም ቶሎ ይሰርገዋል። ቶሎ የሚሰርገው ደግሞ ጨውም ነው።

እስቲ አንዱን ቁራጭ ከላስቲኩ አውጥተው ይመልከቱት። በአንድ ጠርዙ ሦስት ወይም አራት ሞላላ አጥንቶች ተሰልፈዋል። ከአጥንቶቹ በላይ ቀይ ሥጋ፣ ከዚያ ነጭ መስመር፣ እንደገና ቀይ፣ እንደገና ነጭ ያያሉ። ያ ነጩ ስብ ነው። ሥጋ ቤት ገብቶ «ጮማ ያለው ጎድን ስጠኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጣዕሙም ያለው እዚያ ነው። ከከብቱ ገላ ስብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የጎድን ክፍል ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። 100 ግራም ጥሬ የከብት ጎድን፣ አጥንቱ ሳይቆጠር፣ ወደ 390 ካሎሪ፣ 36 ግራም ስብና 14 ግራም ፕሮቲን አለው። ስቡ ሳይገፈፍ ሲበስል ደግሞ በ100 ግራም ወደ 470 ካሎሪ፣ 42 ግራም ስብና 22 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። «ስቡ እሳት ላይ ይቀራል» የሚለው ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አዎ፣ ስብ ይንጠባጠባል፣ ጭሱንም ያዩታል። ግን ሥጋ ሲበስል ከስቡ የበለጠ ውሃው ነው የሚወጣው። ቁራጩ ይኮማተራል፣ የቀረው ሁሉ ይጠጥራል። ስለዚህ ሳህን ላይ የሚወጣው 100 ግራም ከጥሬው 100 ግራም የበለጠ ስብ ይይዛል። እነዚህ የበሰለ ሥጋ ቁጥሮች በድስት ለበሰለ ጎድን ናቸው። ፍም ላይ የሚጠበስ ስስ ቁራጭ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን ወፍራሙን ሥጋ ቀጭን አያደርገውም።

ባለቤትዎ ካላመኑ አንድ ነገር ያድርጉ። ጋልቢውን ምድጃ ውስጥ በትሪ ላይ ይጋግሩና የተረፈውን ሁለት ቁራጭ ከነፈሳሹ ፍሪጅ ያሳድሩት። ጠዋት ሲከፍቱት ሥጋው ዙሪያ ነጭ፣ ጠንካራ፣ በማንኪያ የሚፋቅ ንጣፍ ያገኛሉ። ሞራ ነው የሚመስለው። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የስብ ዓይነት እዚህ ውስጥ ብዙ አለ። መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። በ100 ግራም የበሰለ ጎድን ውስጥ ከዚህ ስብ 18 ግራም ገደማ አለ። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ ደግሞ 22 ግራም ገደማ ነው። 100 ግራም የበሰለ ማለት ደግሞ ሁለት ቁራጭ፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል ነው። አምስት ቁራጭ የሚበላ ሰው 900 ካሎሪ ያልፋል፤ የአንድ ቀን ተኩል ድርሻውን የሚረጋ ስብ በአንድ እራት ጨረሰ ማለት ነው።

ስለ ፒሩ የሰሙት ከእውነት የተነሳ ስህተት ነው። ክቡ፣ ጭማቂ የሚበዛበት የኮሪያ ፒር ሥጋ የሚያለሰልስ ኢንዛይም አለው። ኪዊና አናናስም አላቸው፣ የእነሱ እንዲያውም በጣም ብርቱ ስለሆነ ሥጋውን ብዙ ሰዓት ካቆዩበት ሊጥ ያደርጉታል። እነዚህ ኢንዛይሞች የሚሰብሩት ግን ፕሮቲን ነው። ስብ አይነኩም። ፒሩ ሥጋውን ለጥርስ ያለዝበዋል፣ ጣፋጭነትም ይጨምርለታል። ሌላ ሥራ የለውም። ሰላጣ ቅጠሉና ጥሬ ነጭ ሽንኩርቱም እንዲሁ ናቸው፤ ለራሳቸው ጥሩ ናቸው፣ የተበላውን ስብ ግን አያጥቡም።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ። የመዘፍዘፊያው መሠረት ሶያ ሶስ፣ ጨዋማው የአኩሪ አተር ፈሳሽ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ መደበኛ ሶያ ሶስ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም፣ ማለትም ግፊት የሚያወጣው የጨው ንጥረ ነገር፣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ነው የሚለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ በተለይ ደም ግፊት ላለበት ሰው 1,500ን ግብ ያደርገዋል። እንግዲህ እናስላው። ሁለት ኪሎ ጋልቢ በአንድ ኩባያ ሶያ ሶስ ዘፈዘፍን እንበል። አንድ ኩባያ 16 የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ከ14,000 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም ማለት ነው። ግማሹ ከሥጋው ጋር ቢቀርና ግማሹ ቢደፋ፣ ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 1,200 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ይህ ገና ሥጋው ብቻ ነው። አጠገቡ ኪምቺ፣ በጨው የኮመጠጠው የኮሪያ ጎመን፣ አለ፤ ግማሽ ኩባያው ከ300 ሚሊግራም በላይ ይጨምራል። ሥጋው በቅጠል ሲጠቀለል የሚቀባው ሳምጃንግ የሚባለው ድልህም ከጨዋማ የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራ ነው። ሾርባ ከቀረበ እሱም አለ። ባለቤትዎ ከማዕድ ሲነሱ የሙሉ ቀን ልካቸውን አልፈዋል። ቁርስና ምሳ ገና አልተቆጠረም።

የደም ግፊት መድኃኒት ይህን አይሸፍነውም። ብዙ ሰው ክኒኑን ስለሚውጥ ብቻ ነጻ የወጣ ይመስለዋል። ጨው ሰውነት ውስጥ ውሃ ይይዛል፣ መድኃኒቱ የሚያወርደውን እሱ ይመልሰዋል። ክሊኒክ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው፤ መድኃኒት ሲጨመር፣ ሲጨመር፣ ምግቡን ግን ማንም ሳይጠይቅ ወራት ያልፋሉ። እባክዎ ለሐኪማቸው ምን እንደሚበሉ ይንገሩልኝ።

ስለ ስኳሩ ያለዎት ስጋት ትንሽ ይረጋጋ። ለሁለት ኪሎ ሥጋ ግማሽ ኩባያ ስኳር ቢገባ 100 ግራም ነው። ግማሹ ቢደፋና ቀሪው ለስድስት ሰው ቢካፈል ለሰው 8 ግራም ገደማ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይደርሰዋል። ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ኩባያ የበሰለ ነጭ ሩዝ 45 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ጣሳ ኮካ 39 ግራም ስኳር ነው። ስኳሩ ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ጋልቢውን በሁለት ሳህን ሩዝና በለስላሳ ካወራረደው፣ የእርስዎ ዓይን መሄድ ያለበት ወደ ሩዙና ወደ ጣሳው ነው። ሱቅ ተዘፍዝፎ የሚሸጠው ከቤቱ የበለጠ ስኳር ሊኖረው ስለሚችል ማሸጊያውን ያንብቡ። ስታነቡ ደግሞ «አንድ ድርሻ» የተባለው ስንት ግራም እንደሆነ እዩ። እዚያ የተጻፈው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ጋልቢ የተራበ ሰው እሱ ላይ አያቆምም።

«ከእኛ ጥብስ ይሻላል» ስለሚለው። ከየትኛው ጥብስ? ከጮማ ጎድን በብዙ ቅቤ ከሚሠራው ከሆነ፣ በስብ በኩል ብዙም አይራራቁም። ስቡ ከተገፈፈ ቀይ የሽንጥ ሥጋ የሚሠራ ጥብስ ግን በግልጽ ይበልጠዋል። 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 200 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ፕሮቲኑ ወደ 30 ግራም ይጠጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ለአራት ሰው ቢገባ ለሰው 2 ግራም ያህል የሚረጋ ስብ ነው የሚጨምረው። ጨውም ቢሆን በእጅዎ ነው፤ ቃሪያው፣ ሮዝመሪው፣ ሽንኩርቱ ጣዕሙን ይሸከሙታል። «ቅቤ የለው» ማለት ስብ የለው ማለት አይደለም። ጎድን ቅቤውን ከከብቱ ይዞ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ላክል፣ ብዙ ሰው ስለሚለኝ። «ኮሪያዎች እኮ ይበሉታል፣ ቀጫጭን ናቸው።» ኮሪያውያን ጋልቢን እንደ ዘወትር ምግብ አይበሉትም። ውድ ነው። የከብት ጎድን ለቹሶክና ለሶላል በዓላት የሚሠራ፣ በሚያምር ሣጥን ታሽጎ በስጦታ የሚሰጥ ምግብ ነው። ከሴኡል በስተደቡብ ያለችው ሱዎን ከተማ በትልልቅ ጎድኗ የታወቀች ናት፤ ሰው ለዚህ ብሎ ይሄድባታል። የዘወትሩ ማዕድ ሩዝ፣ ሾርባ፣ አትክልትና ዓሣ ነው። እሱም ቢሆን ጨው ይበዛበታል፣ አገሪቱ ራሷ የጨው መጠኗን ለማውረድ ለዓመታት ስትለፋ ቆይታለች። እኛም ብንሆን ዶሮ ወጥን ለፋሲካ የምንበላ ሕዝብ ነን። ጋልቢን በዚያው ዓይን ማየት ነው የሚገባው።

እሳቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሥጋ በብርቱ ሙቀት ሲያር፣ ስቡም ፍም ላይ ወድቆ የሚያነሣው ጭስ ሥጋው ላይ ሲያርፍ፣ ከካንሰር ጋር የሚያያዙ ውህዶች ይፈጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2015 ቀይ ሥጋን «ለሰው ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው» ከሚባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ማለት አንድ እራት ያሳምማል ማለት አይደለም፣ የሚቆጠረው ልማዱ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ እንዳይታለፍ ይመክራል። ይህ ጥብሱንም፣ ክትፎውንም፣ ጋልቢውንም አንድ ላይ ደምሮ ነው። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ቤት ይህን ልክ መጠበቅ ያን ያህል አይከብደውም፤ ችግሩ የጾሙን ቀን ቅዳሜ ላይ መካስ ሲጀመር ነው።

ጉዳቱን ለመቀነስ፣ ከመጥበሱ በፊት መዘፍዘፊያውን አራግፉት፤ ስኳሩ ነው ቶሎ የሚያረው። ፍሙ ሲነድ ሳይሆን አመድ ሲለብስ ጀምሩ። በየደቂቃው አገላብጡት። የኮሪያ ምግብ ቤት አስተናጋጅ መቀስና መቆንጠጫ ይዛ ስትመጣ አይታችሁ ይሆናል፤ ሥጋውን ትቆራርጣለች፣ ያረረውን ጫፍ ቆርጣ ወደ ጎን ትጥላለች። ቤትም መቀስ ያዙ፣ ጥቁሩን ቆርጣችሁ ጣሉት። የጥሬውና የበሰለው መቆንጠጫ አንድ አይሁን። ሥጋው በፍሪጅ ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ ጠረጴዛ ላይ አይደር። የተረፈውን መዘፍዘፊያ ሳይፈላ ሥጋ ላይ አታፍስሱት። ከሰል ደግሞ በምንም ምክንያት ወደ ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ አይግባ፣ በር ቢከፈትም። ክረምት ላይ ብርድ ሽሽት ከሰል ወደ ቤት ያስገባ ቤተሰብ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደተኛ ሊቀር ይችላል።

አሁን የእርስዎ ጉዳይ። ሐኪምዎ ሥጋ ብዪ ማለታቸው ልክ ነው። የሥጋ ብረት ከምስርና ከጤፍ ብረት ይልቅ ለሰውነት ቀላል ነው፤ ምስሩም ከሥጋ ጋር ሲበላ ብረቱ የተሻለ ይገባል። ግን ለዚህ ጎድን አያስፈልግዎትም። 100 ግራም የበሰለ ጎድን ያለው ብረት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊግራም ብቻ ነው፣ የወር አበባ የምታይ ሴት የቀን ፍላጎት ደግሞ 18 ሚሊግራም ነው። ዚንክና ቫይታሚን ቢ12 አለው፣ በዚያ በኩል ጥሩ ምግብ ነው። ያንኑ ሁሉ ግን ቀይ ሥጋ በግማሽ ካሎሪ ይሰጥዎታል። ከምግቡ በኋላ ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዘግዩት፤ ቡናና ሻይ የእህሉንና የቅጠሉን ብረት ይይዙታል። ደግሞም ደም ማነስ በምግብ ብቻ አይታከምም። ብረቱ ለምን እንዳነሰ ይመርመር፣ የታዘዘልዎት ክኒን ካለ ሥጋ ስለበሉ ብለው አያቋርጡት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ስለ መድኃኒት። «ጨው የሌለው ጨው» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ነው። ባለቤትዎ የሚወስዱት ሊሲኖፕሪል ወይም ሎሳርታን ከሆነ፣ ወይም ኩላሊታቸው ከደከመ፣ ሐኪም ሳይጠይቁ አይጠቀሙት፤ ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲከማች ልብን ያውካል። በቤቱ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ፣ ጋልቢ የሚጠቀለልበትን አረንጓዴ ቅጠል አንድ ቀን ክምር፣ ሌላ ቀን ባዶ አያድርገው። ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ አለው፣ መጠኑ ሲዋዥቅ የመድኃኒቱም ሥራ ይዋዥቃል። ሶያ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለበት፤ መዘፍዘፊያው ሰሊጥም አለበት። አለርጂ ያለበት እንግዳ ከጠራችሁ ንገሩት።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውና። የከብት ጎድኑ ጋልቢ ለባለቤትዎ በወር አንድ ጊዜ ይሁን። ከሱቅ የተዘፈዘፈውን አይግዙ፣ ያልተዘፈዘፈውን ገዝታችሁ ቤት ሥሩት። ከጥሬው ጠርዝ ላይ ያለውን ወፍራም ስብ በቢላ ግፈፉ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው የተቀነሰለት ሶያ ሶስ ይበቃል። ጣዕሙን የሚሞላው ግማሽ የተፈጨ ፒር፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አረንጓዴ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ነው። ስኳር አይጨመር፣ ፒሩ ይጣፍጠዋል። ስስ ከሆነ ሁለት ሰዓት በቂ ነው፣ ማሳደር ጨው ማስገባት ነው። ለእሳቸው ሁለት ቁራጭ፣ በብዙ ሰላጣ ቅጠል፣ በጥሬ ቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ይቅረብ። ሳምጃንጉ በጣት ጫፍ ያህል ይሁን። ሩዙ ግማሽ ኩባያ፣ መጠጡ ውሃ።

በየሳምንቱ የኮሪያ ጣዕም ካማራቸው ያንኑ መዘፍዘፊያ በስስ በተቆረጠ ቀይ የሽንጥ ሥጋ ወይም በዶሮ ደረት ላይ ይጠቀሙበት። ኮሪያውያን ራሳቸው ስስ ሥጋውን ቡልጎጊ ብለው ይሠሩታል፤ ጣዕሙ የጋልቢ ወንድም ነው፣ ስቡ ግን በጣም ያንሳል። ለእርስዎም ለብረቱ የሚሻለው ይኸው ነው።

ቤት የደም ግፊት መለኪያ ካለ፣ ባለቤትዎ ሁለት ሳምንት በዚህ አሠራር በልተው ጠዋት ጠዋት፣ የዕለቱን መድኃኒት ከመዋጣቸውና ቡና ከመጠጣታቸው በፊት፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይለኩ። ቁጥሩን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ይጻፉት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያንን ወረቀት ለሐኪማቸው ያሳዩ። መድኃኒቱን መቀነስ ወይም መጨመር የሚወስኑት ሐኪሙ ናቸው።